ለአንድ ቀን ተብላ ስለቀረችው ላም

ለክቡር አቶ ዘርአብሩክ
የወተት እርባታ ድጎማ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጋምቤላ

ጉዳዩ፦ የወይዘሮ ኛታንግ ላም ወተቷ ሳይደርቅ ወደ ጥጃዋ እንድትመለስ በትሕትና ስለመለመን

ክቡር አቶ ዘርአብሩክ ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? የባሮ አሸዋ በታየበት፣ ውሻ እንኳ ከመኪና ሥር ንቅንቅ በማይልበት በዚህ የመጋቢት ሙቀት ጤንነትዎ እንዳይጓደል፣ ላብዎ እንዳይበዛ፣ እንቅልፍዎም በወባ ትንኝ እንዳይቋረጥ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴ ቢያንስ በከፊል እንደተሟላ አውቃለሁ፤ በቢሮዎ መስኮት ሥር ባለፍኩ ቁጥር የማራገቢያዎን ድምፅ እሰማለሁና። ስለ ማራገቢያው ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ አሸብር ወንዳፍራሽ እባላለሁ፤ በከተማው ጤና ጣቢያ የጤና ረዳት ነኝ። ክቡርነትዎ እዚህ በተመደቡ ሰሞን ወባ ጥሎዎት በሰው ትከሻ ተደግፈው ሲመጡ መርፌ የወጋሁዎ እኔ ነኝ። ያን ዕለት እጅህ ቀላል ነው፣ ምንም አላመመኝም ብለው መርቀውኝ ነበር። አሁን ሳስበው ትንሽ ይቆጨኛል። እንደ ክቡርነትዎ እኔም ከደጋ የወረድኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሁሉ በመካከላችን የብሔር ነገር እንዳይፈልግ አደራ እላለሁ። የምጽፈው ለአገሬ ልጅ ነው፤ የማፍረውም በአገሬ ልጅ ነው።

ክልላችን ራሱን በራሱ ማስተዳደር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። በነዚህ ጥቂት ዓመታት ብዙ ቢሮ ተከፍቷል፣ ብዙ ማኅተም ተቀርጿል፣ ብዙ ወንበር ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ መጥቷል። ሕዝቡ ከሁሉም በላይ በተስፋ የጠበቀው ግን የእርስዎን ጽሕፈት ቤት ነበር። መንግሥት ወተት የሚያመርቱትን በመኖ፣ በመድኃኒትና በቆርቆሮ ሊደጉም ነው ሲባል ሰው ደስ አለው። ደስ ካላቸው አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቴን ልንገርዎ።

ባለቤቴ አልማዜ ስትወልድ ወባና ታይፎይድ ተደራርበውባት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። እሷ ተረፈች፤ ጡቷ ግን ደረቀ። ልጃችን ሶልያና ገና ጥርስ እንኳ አላወጣችም። እስካሁን የኖረችው በላም ወተት ነው፤ ላሟም አጥር የምንጋራት የጎረቤታችን የወይዘሮ ኛታንግ ናት። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ወይም ሊያውቁት ይገባ እንደነበረው፣ በበጋ የኑዌር ከብት ሁሉ ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ ኢታንግና ከዚያም አልፎ እስከ ማታር ድረስ ይወርዳል። ከተማ የሚቀረው ለቤት ልጆች ተብሎ የሚተው አንድ ወይም ሁለት የሚታለብ ላም ብቻ ነው። የወይዘሮ ኛታንግ ከብትም ከባሏ ጋር ወርዷል፤ ቡሬዋ ላም ከነጥጃዋ ቀርታ የእሷን ልጆችና የእኔን ልጅ ታጠጣ ነበር። ነበር ያልኩት በእርስዎ ምክንያት ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ ነገር በተራ ቁጥር ሲቀርብለት እንደሚወድ ስለማውቅ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ቀላቅዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ድጎማው ለማን እንደሚገባ ስለወሰኑበት ጥበብ አመሰግናለሁ። በመመሪያዎ መሠረት የሚደጎመው ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ከብቶቹም ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ቦታ የማይነቃነቁ እርባታ ነው። በክልላችን እንዲህ ያለ እርባታ ከቶ ስላልነበረ ድጎማውን ለመስጠት መጀመሪያ አንድ መገንባት ግድ ሆነ። ተገነባም። ወተት ያለው ሰው ድጎማ እንዳያገኝ፣ ድጎማ ያገኘውም ወተት እንዳይኖረው አድርጎ መመሪያ መጻፍ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ብዙ የተማረ ሰው ሳይደክምበት አልቀረም። ወይዘሮ ኛታንግ ለላሟ ፉርሽካ እንዲሰጣት ልትጠይቅ በመጣች ጊዜ ከብቶቿ ቋሚ አድራሻ እንደሌላቸው ተነገራት። እሷም በዚያ በለመደችው አጭር አማርኛ "ሣር የት አለ፣ ላም እዚያ አለ" አለች። ጸሐፊዎ በሩን አሳያት።

ሁለተኛ፤ ስለ አላቢዎቹ። ለአዲሱ በረት ላም የሚያልቡ ሰዎች ከአባወራዎች መካከል ይመረጡ ብለው አዘዙ፤ ተመረጡ። የተመረጡት ሁሉ ግንባራቸው ላይ ስድስቱ መስመር በምላጭ የተሰመረላቸው፣ በኑዌር ወግ ወንድ የሆኑ ሰዎች ናቸው። በዚያው ወግ ደግሞ ግንባሩ የተሰመረለት ሰው ላም አያልብም። ማለብ የሴቶችና ገና ያልተሰመረላቸው ልጆች ሥራ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ የመኪናዎን መስኮት ዝቅ አድርገው በየግቢው ከላም ሥር ማን እንደተቀመጠ ማየት ይበቃል። አስተርጓሚዎ አኳይ፣ እሱ ራሱ አኙዋ ሆኖ ሳለ፣ ነገሩ እንደማያስኬድ ነግሮዎት ነበር። እርስዎም ባህል ልማትን አያደናቅፍም ብለው መለሱለት አሉ። እውነትዎን ነው። ባህሉ ምንም አላደናቀፈም፤ ሰዎቹ በደስታ ሠለጠኑ።

ሥልጠናውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጓንቱ የተወሰደው ከእኛ ጤና ጣቢያ ነበርና። ለማዋለጃ ከመጣልን የላስቲክ ጓንት ላይ በደብዳቤ አስወሰዱ፤ ሠልጣኞቹ ፊት ውሃ ተሞላ፣ ጣቶቹ በመርፌ ጫፍ ተበሱ፣ ከአንድ አግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠለጠለ። አሠልጣኙ ጓንቱን እንዴት እንደሚያልቡት አሳየ። ግንባራቸው የተሰመረ ትልልቅ ሰዎች በየተራ በርጩማ ላይ እየተቀመጡ ጓንት አለቡ። ጓንት ላም ስላልሆነ ወጋቸው አልከለከላቸውም። ውሃው ባልዲው ውስጥ ሲንሿሿ ተጨበጨበላቸው፣ አበላቸውን ተቀበሉ፣ የምስክር ወረቀታቸውንም ይዘው ፎቶ ተነሡ። በጓንት አለባ ዛሬም በአገራችን የሚወዳደራቸው የለም። በዚያው ሰሞን እኛ አንዲት እናት በባዶ እጃችን አዋልደናል፤ ግን ይህ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ክቡርነትዎን አላደክምበትም።

የፈረንጅ ላሞቹ በአይሱዙ ተጭነው ሲደርሱ ጡት ይዘው እንጂ ጓንት ይዘው አልመጡም። ከሠለጠኑት አንዱ ሪክ፣ የወይዘሮ ኛታንግ የባሏ ወንድም፣ ከላም ሥር ተቀመጥ ሲባል ፈገግ ብሎ "እኔ ልጅ አይደለሁም" አለ። እንግዲያው ሚስቴን ልጥራ ቢል ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው ወደ በረቱ እንዳይገባ መመሪያው ይከለክላል ተባለ። በመጨረሻ ሪክን ዘበኛ አደረጉት፤ ሌሎቹ አላቢ እንደተባሉ ቀሩ። ላሞቹ ሳይታለቡ ዋሉ፣ ሳይታለቡ አደሩ። ግታቸው አበጠ፣ ቀጥሎም መገለ፣ ጩኸታቸው እስከ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር።

ሦስተኛ፤ በዚህ ቁጥር ሥር የጻፍኩት ስለ ክቡርነትዎ የግል ጠባይ ነበር። አልማዜ አንብባው ልጅ ያለው ሰው እንዲህ አይጽፍም ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩን ግን ለክብርዎ ስል ባዶውን ትቼዋለሁ።

አራተኛ፤ እንደገባሁት ቃል ስለ ማራገቢያው። ላሞቹ የደጋ ብርድ የለመዱ ስለሆኑ ለበረቱ የሚሆን ትልቅ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከአዲስ አበባ ተልኮ ነበር። በጋምቤላ ቀትር የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቆም ከምድጃ ውስጥ ከመቀመጥ እንደማይለይ የላከው ሰው ገብቶት ኖሯል። ማራገቢያው ግን ዛሬ የሚሽከረከረው ከእርስዎ ራስ በላይ ነው። ውሳኔ የሚሰጡት እርስዎ እንጂ ላሞቹ አይደሉም ብለው አስበው ይሆናል። ውሳኔዎቹን ካየሁ በኋላ ግን ማራገቢያው ላሞቹ ጋ ቢሆን ኖሮ ክልሉ የበለጠ ይጠቀም ነበር እላለሁ። ሙቀቱ ያልጨረሳቸውን ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ ጨረሳቸው፤ መመሪያው ስለ ዝንብ የሚለው ነገር ስለሌለው ዝንቧን የሚከለክላት አልነበረም። ላሞቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ፉርሽካውና ፋጉሎው ግን መምጣቱን አላቋረጠም። ለሞተ ከብት መኖ የሚደጉም መንግሥት ቸር ነው። ጆንያው መጋዘንዎ ውስጥ ተቆልሎ፣ በከተማችን ከድጎማው በግልጽ የወፈሩት አይጦች ሆነዋል።

አምስተኛ፤ ስለ ምረቃው በዓል። ጥምቀት ሳይደርስ ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። ሪባን ተገዛ፣ ዳስ ተጣለ፣ የበረቱ በር አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። ከደጋ ከመጡት ላሞች የተረፉት ግድግዳ ተደግፈው የሚቆሙ ጥቂቶች ነበሩ፤ ጠብታ ወተት አልነበራቸውም። የወተት እርባታ ሲመረቅ ወተት ያላት ላም አንዲት እንኳ ብትኖር መልካም እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለዎት። ሪክን ወደ ወይዘሮ ኛታንግ ላኩት፤ ላሟን ለአንድ ቀን ብቻ እንድታውስዎ። የባሏን ወንድም አሳፍሮ መመለስ ነውር ሆነባት፤ በበዓሉም ማግስት የፉርሽካዋ ነገር ይታያል ተብላ ነበር። ሰጠች። ጥጃውን ግን ለፎቶ አያምርም ብለው ከሪክ ጋር የላኳቸው ሰዎች እቤት አስቀሩት።

የአገራችን ላም ጥጃዋ ሳይጠባ ወተቷን አታወርድም። ይህ በደጋም በቆላም ያው ነው፤ ኑዌርም አማራም ሳይለይ የሚስማማበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ክቡርነትዎ ላም ባለበት ቤት እንዳደጉ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼዎታለሁ። ከላሟ ጋር ግን ሳትተዋወቁ የተለያያችሁ ይመስለኛል።

ከእንግዶቹ አንዱ ሲታለብ ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ባለ ምስክር ወረቀቶቹ አላቢዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ ሰማይ ሰማይ አየ፣ አንዱ ጫማውን አየ። ክቡርነትዎም ጊዜ ሳያጠፉ ከረባትዎን ወደ ትከሻዎ ወርውረው፣ ባልዲውን አንሥተው ከላሟ ሥር ቁጭ አሉ። ለዚህ ድፍረትዎ ከልቤ አጨብጭቤያለሁ። ቡሬዋ ላም መጀመሪያ ዞር ብላ አየችዎ። ጥጃዋን ፈልጋ ያየችው እርስዎን ነው፤ ቅር ብትሰኝ አይፈረድባትም። ከዚያ በአንድ እርግጫ ባልዲውን ከአጥሩ ጋር አጋጨችው፣ ክቡርነትዎን ደግሞ ፍግ ላይ አሳረፈች። የለበሱት ግራጫ ሱፍ በጣም ያማረ ነበር።

እንግዶቹ ደግሞ ወተት ሳይቀምሱ ሊሄዱ አይገባም። መኪናዎ ወደ ኛታንግ ቤት በረረ። ላሟን ከመስጠቷ በፊት ጠዋት አልባ በቅል ያስቀመጠችው ወተት ነበራት፤ ከፊሉ የልጆቿ፣ ከፊሉ የሶልያና። ሾፌርዎ ኃላፊው ይፈልጉታል ብሎ ከነቅሉ አንሥቶት ሄደ። በሚያብረቀርቅ ብርጭቆ ተቀድቶ ለእንግዶች ቀረበ። ጠጡ፣ አጨበጨቡ፤ አንደኛው እንግዳ እንዲያውም የዘመናዊ እርባታ ወተት ጣዕሙ ከተራው ወተት እንደሚለይ ተናገሩ። የልጄ ወተት ስለጣማቸው ደስ ይለኛል። እኔ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ይዤ ከዳሱ ጀርባ እንድቆም ታዝዤ ስለነበር ይህን ሁሉ ቆሜ አየሁ። ቤቴ ስደርስ ልጄ በረሃብ ትጮሃለች። ወተቷን ማን እንደጠጣው ለአልማዜ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለ ውርደት በሰው ሁሉ ላይ እንዳይደርስ እመኛለሁ፤ እርስዎን ሳይጨምር።

ስድስተኛ፤ ያ አንድ ቀን አላለቀም። ጥምቀት አለፈ፣ ጾም ገባ፣ ላሟ አልተመለሰችም። ለምን ቢባል፣ በእንግዶቹ ፊት ከምርታማዎቹ ላሞች ጋር ስለተቆጠረች አሁን ብትወጣ ቁጥሩ ይጎድላል ተባለ። ወይዘሮ ኛታንግ ቅሏን ይዛ፣ ጥጃውን በገመድ እየጎተተች ጠዋትና ማታ በሩ ላይ ትቆማለች። በሩ ላይ የማይመለከተው ሰው መግባት ክልክል ነው የሚል ተጽፏል። እሷ ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ያሳደገቻት ላም እንደማትመለከታት ያስረዳኋትም እኔ ነኝ። ከበሩ ውስጥ የሚቆመው ደግሞ ሪክ ነው። ላሟን ለምኖ የወሰዳት እሱ ስለሆነ ፊቷን ማየት አቅቶት ነበር። አንድ ቀን ለእኔ ሲናገር "ላም ካለብኩ ልጆች ይስቃሉ፣ በር ከከፈትኩ ሥራ የለም። እኔ ምን ልሁን?" አለኝ።

መልሱን ራሱ አገኘው። ከበረቱ በስተጀርባ ካለው አጥር አንዲት ሳንቃ ነቀለ። ላሟ ጎኗን ወደ ቀዳዳው ሰጥታ ትቆማለች፤ ጥጃው አንገቱን አስገብቶ ይጠባል፤ ወተቱ ሲወርድ ኛታንግ ጥጃውን ገፋ አድርጋ በዚያችው ቀዳዳ እጇን ሰድዳ ታልባለች። ሪክ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መንገዱ ያያል። ወተቱ እንደ ድሮው አልሞላም፤ ግን ለሶልያና ይደርስ ነበር። በዚያች ቀዳዳ ሁለት ቤተሰብ ልጆቹን አሳደገ። ከዚያ ክቡርነትዎ በረቱን ሊጎበኙ መጡ፤ በቀዳዳው የገባ የጥጃ አፍ አዩ፤ ያንኑ ዕለት በቆርቆሮ አስደፈኑት። ጽሕፈት ቤትዎ ከተከፈተ ወዲህ በታዘዘበት ቀን የተፈጸመ ሥራ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ቆርቆሮው የድጎማ ቆርቆሮ ስለነበረ ወይዘሮ ኛታንግም በመጨረሻ ከድጎማው ደረሳት ማለት ይቻላል።

ሰባተኛ፤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። ቁጭ በል አላሉኝም፤ ግን ከማራገቢያው ንፋስ ትንሽ ደርሶኛል። ጉዳዬን ሰሙ፤ ከጨረስኩም በኋላ በጣም በሚያምር ለስላሳ ድምፅ "አቶ አሸብር፣ ሁዳዴ ገብቷል እኮ። አሁን የወተት ጉዳይ አስቸኳይ አይደለም፤ ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን" አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔም ጿሚ ነኝ። የጾመ ሰው ወተት እንደማያስፈልገው አውቃለሁ። ሶልያና ግን ገና ጥርስ የላትም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትልም። ወይዘሮ ኛታንግ ፕሮቴስታንት ናት፣ ልጆቿም እንደዚያው። ጥጃውን በተመለከተ እኔ እስከማውቀው የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ አይደለም። አንድ የወተት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እሱ ስለጾመ የከተማው ሕፃን ሁሉ የጾመ መስሎት ሁለት ወር ሊጠብቅ ይችላል ብለው ቀድሞ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ከቢሮዎ የወጣሁት ንቄዎት ነው። ይህን ቃል ለማለዘብ እዚህ ላይ ብዙ ደክሜያለሁ፤ አልለዝብ ስላለኝ እንዳለ ትቼዋለሁ።

የሙያዬን ነገር ልንገርዎና ላብቃ። እኔ የሰው ልጅ እየመዘንኩ ኪሎ የቀነሰ ሕፃን ባየሁ ጊዜ እናቶችን የምቆጣ ሰው ነኝ። ምን አብልተሻት ነው? ለምን ዘገየሽ? እላለሁ። አሁን የራሴን ልጅ ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጣት መርፌው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሚቆጣኝ ግን የለም። ከመቱ ከተማ በሚመጣ መኪና የዱቄት ወተት ሲገኝ እንገዛለን፤ አልስማማት ብሎ ታስመልሰዋለች። ሳይገኝ ሲቀር የሩዝ ውሃ በስኳር እናጠጣታለን። አልማዜ የደረቀ ጡቷን አውጥታ አፏ ውስጥ ትከትላታለች፤ ዝም እንድትል ያህል። ልጅቷ ትንሽ ትስብና ቀና ብላ እናቷን ታያለች። ያን አስተያየት ማየት አልችልም፤ ተነሥቼ ከቤት እወጣለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ድጎማ አይደለም። ፉርሽካውን አይጦቹ ይብሉት፤ ማራገቢያው ለእርስዎ ይሁን፤ የምስክር ወረቀቶቹም በሰላም ይሰቀሉ። የምጠይቀው አንዲት ላም ሳትነጥፍ ወደ ጥጃዋ እንድትመለስ ብቻ ነው። ያልታለበች፣ ጥጃ ያልጠባት ላም ወተቷ ብዙ እንደማይቆይ ከእርስዎ በስተቀር በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። የላሞቹ ቁጥር ይጎድልብኛል ብለው ከሠጉ፣ እንግዶች በሚመጡበት ዕለት እኔ ራሴ መጥቼ በእሷ ቦታ በአራት እግሬ እቆምልዎታለሁ። ወተት እንደሆነ ከእኔም አይገኝም፤ ይህ ግን ለእርባታዎ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ወንበርዎ ይጽና፣ ሱፍዎ ከፍግ ይጠበቅ፣ መመሪያዎም ከእርስዎ በቀር ማንንም እንዳይመግብ ሆኖ ለዘላለም ይኑር እያልኩ፣ የፋሲካን ማግሥት በጉጉት ከሚጠብቁት ሕፃናት ጋር ሆኜ፣ ዳግመኛ ወባ ቢይዝዎ በዚያው በቀላል እጄ፣ ምናልባት ትንሽ ወፈር ባለ መርፌ፣ ላገለግልዎ ዘወትር ዝግጁ መሆኔን በታላቅ አክብሮት አረጋግጣለሁ።

አሸብር ወንዳፍራሽ
የሶልያና አባት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ኛታንግ (ይነበብላት)
ለሪክ፣ በረቱ በር ላይ
ለጥጃው

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ጨርሼ፣ በጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው ሙጫ ስፈልግ፣ ሪክ ቡሬዋን ላም እየነዳ በግቢያችን በኩል መጣ። ኛታንግ እልል አለች። አልማዜ ሶልያናን እንዳቀፈች በባዶ እግሯ ሮጠች። እኔም ደብዳቤውን ልቀደው አልኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅዎም ቃል መምረጥ ጀምሬ ነበር። ሪክ ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። የተላከበትን ቃል እንዲህ ብሎ አደረሰ፤ "ኃላፊ አለ፦ ይህች ላም ወተት የላትም። ለድጎማ አትሆንም። ውሰዱ።" ኛታንግ ተንበርክካ ግቷን ዳሰሰች፤ ከዚያም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች። ስለዚህ ከላይ፣ ጉዳዩ በሚለው ሥር፣ ወተቷ ሳይደርቅ የሚለውን ሰርዘው እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ፤ ደብዳቤውን እንደገና ለመጻፍ ጊዜ የለኝም፣ የሩዝ ውሃ ላፈላ ነው።

ነገሩ ያልገባው ጥጃው ብቻ ነው። ከመጣች ጀምሮ ከሥሯ አልተለየም። ደረቁን ጡት ይዞ ይስባል፣ በግንባሩ ይጎሽማታል፣ ትንሽ ይጠብቅና እንደገና ይስባል። በቢሮዎ ደጃፍ ጉዳይ ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆመውን ሰው ያስታውሰኛል። ልዩነቱ፣ ላሟ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወተት ነበራት።